ሰባተኛው ጥያቄ

የመጽሔታችን ኮሚቴ ለቀድሞ ተማሪዎች ከላከው መጠይቅ ውስጥ ሰባተኛው ጥያቄ «በአሁኑ ጊዜ የሚያነቡት መጽሐፍ ምንድን ነው?» ይላል። የሥራ ቦታ፣ የተመረቅኩበት ዓመት፣ የልጆች ብዛት የሚሉትን በአምስት ደቂቃ ሞልቼ ጨረስኩ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። የተተወልን ቦታ አንዲት መስመር ናት፤ የእኔ መልስ ደግሞ በአንዲት መስመር አያልቅም። የታሪክ ምሩቅ ነኝና መልሱን እንደ ታሪክ ልጻፈው ብዬ ኮሚቴውን ጠየቅኩ፤ ፈቀዱልኝ።

«ምን እያነበብሽ ነው?» የሚለው ጥያቄ በስድስት ኪሎ ረጅም ዕድሜ አለው። ከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተጀምሮ፣ በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የዩኒቨርሲቲው መቀመጫ ሲሆን ያኔ የነበሩት ታላላቆቻችን ጥያቄውን እንደ ሰላምታ ይለዋወጡት ነበር። በ1958 ዓ.ም. የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲወጣ መልሱ ለብዙው ሰው አንድ ሆነ። የጎጃሙ ልጅም የሐረርጌው ልጅም ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ ይከራከር ጀመር። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» መጣ፤ እሱ እንኳ በአንድ ንባብ የሚገባ አልነበረም፤ ስለዚህ ጥያቄው «አነበብከው ወይ?» ከማለት ወደ «ገባህ ወይ?» ዞረ።

በዚያው ሰሞን ጥያቄው ክብደት ጨመረ። በ1957 ዓ.ም. ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ከወጣ በኋላ፣ የምታነበው መጽሐፍ የምትቆምበትን ወገን መናገር ጀመረ። የፍራንዝ ፋኖን፣ የማርክስና የሌኒን ሥራዎች በእንግሊዝኛ እየገቡ በጥናት ክበብ ይነበቡ ነበር። መጽሐፉ አንድ፣ አንባቢው ብዙ። አንዱ ያነብባል፣ ሌሎቹ ይሰማሉ፣ ከዚያ ክርክር። «ምን እያነበብክ ነው?» ማለት «ማን ነህ?» ማለት ሆነ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1967 ዓ.ም. ተማሪው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሄደ፤ ዩኒቨርሲቲውም ስሙ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በ1969 ዓ.ም. በከተማው የቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ መጽሐፍና ወረቀት ማስረጃ ሆኑ። ስንቱ መጽሐፍ በጓሮ ተቀበረ፣ ስንቱ ጉድጓድ ገባ፣ ስንቱ በምድጃ ነደደ! የአክስቴ ቤት ጓሮ ራሱ የታላቅ ወንድሜን መጻሕፍት በልቷል። እሱ ከመጻሕፍቱ ብዙም አልቆየም። ይህን የምጽፈው ስለ እሱ ለመናገር አይደለም፤ ኋላ የሠራሁትን ነገር በምን ልብ እንደሠራሁት እንድትረዱልኝ ነው።

እኔ በ1976 ዓ.ም. ፍሬሽማን ሆኜ ስገባ ግቢው ጸጥ ብሎ ነበር። የሚነበብ ግን አልጠፋም። ከሞስኮ የሚመጡት መጻሕፍት ርካሽ ስለነበሩ በየዶርሙ ተደርድረዋል። ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ሰዓት ሊዘጋ ሲል «ሪዘርቭ» መጽሐፍ ለአንድ ሌሊት ለመውሰድ ሰልፍ እንይዛለን፤ ጠዋት ካልመለስሽ ቅጣት አለ። ገንዘብ ያለው ከአከራይ በቀን ሂሳብ ልብ ወለድ ይከራያል። የሌለው ደግሞ ሬዲዮ ይሰማል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብርን» በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ፕሮግራም ሲተርከው የሰማ ሰው ያውቀዋል። ፊደል ያልቆጠረችው አክስቴ እንኳ ጉዱ ካሣን እንደ ጎረቤቷ ታውቀው ነበር። ማንበብ በጆሮም እንደሚቻል ከእሷ ተማርኩ።

አንድ መጽሐፍ ግን በግልጽ አይጠራም ነበር፤ «ኦሮማይ»። በዓሉ ግርማ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው፤ እዚሁ ተምሮ የተማሪዎችን ጋዜጣ አዘጋጅቷል። በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ እስከ መሆን ደረሰ። በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በቅርብ አይቶ ልብ ወለድ ጻፈበት፤ መጽሐፉም በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከየመደብሩ ተሰበሰበ፣ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እስከ ዛሬ መቃብሩ አይታወቅም።

የሐረር ልጅ የሆነች የዶርም ጓደኛዬ አንድ ቅጂ ነበራት። የሷም አይደለም፤ የወንድሟ ነው። ሽፋኑ ተነሥቶ የፖለቲካ ኢኮኖሚ መጽሐፍ ሽፋን ተለብጦበታል። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ እንዲያነበው መሐሉ ላይ ለሁለት ተከፍሏል። ሕጉ ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዷ ሁለት ሌሊት፣ ስም አይጻፍም፣ የመጀመሪያውን ግማሽ ጨርሳ ሁለተኛውን የወሰደች ግን በመጀመሪያው ገጽ ጠርዝ ላይ በእርሳስ አንዲት ነጥብ ታደርጋለች። እኔ ነጥቤን ሳደርግ ከበፊቱ አሥር ነበሩ።

ሁለተኛው ግማሽ እጄ የገባው የደራሲው መጥፋት በሹክሹክታ መወራት በጀመረበት ሳምንት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በደብተሬ መሐል አድርጌው አክስቴ ቤት ሄድኩ። አንብቤ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው። ሃያ ገጽ ያህል ሄድኩ። ማታ የቀበሌ ጥበቃዎች በሰፈሩ ሲያልፉ ውሻ ጮኸ። አክስቴ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ደብተሬን አየች። ምንም አላለችም። ወንድሜ የተወሰደ ለት ማታም ውሻ ጮኾ ነበር። ተነሥቼ ማጀት ገባሁ፤ እንጀራ የተጋገረበት እሳት ገና አልጠፋም ነበር። ገጽ በገጽ ጨመርኩት።

ሰኞ ለጓደኛዬ «ታክሲ ውስጥ ጥዬው ወረድኩ» አልኳት። ፊቷ ጠቆረ፤ ግን አልተቆጣችም።

«አቦ ተይው! ዋናው አንቺ ደህና ነሽ። ለመሆኑ መጨረሻውን አነበብሽው?»

«አዎ» አልኩ። ሁለተኛ ውሸት። ከዚያ በኋላ ስለ መጽሐፉ ባወራች ቁጥር አንገቴን እነቀንቃለሁ። መጨረሻውን ያነበብኩት ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ መጽሐፉ እንደገና ታትሞ በየመንገዱ ሲሸጥ ነው። ቆሜ ገዛሁት፣ ሌሊቱን ጨረስኩት። ያን ለት ያለቀስኩት ለታሪኩ ይሁን ለራሴ አልለየሁትም።

የታሪክ ሰው ነኝና ዘመኑ አስገደደኝ ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ዘመኑ ለሁላችንም አንድ ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን ሌላ ሰው ሌላ ነገር ሠርቷል። ነቢይ መኮንን በማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚሼልን ግዙፍ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የመለሰው ከሲጋራ ፓኮ በሚወጣ ወረቀት ላይ ነው። እስረኞቹ አንዱን መጽሐፍ በተራ ነበር የሚያነቡት፤ እንግሊዝኛ ለማይችሉት ደግሞ እሱ ይተረጉምላቸዋል። ወረቀቱ ሦስት ሺህ ገደማ ደረሰ፤ በሲጋራ ፓኮ ተሸሽጎ በሚፈቱ ሰዎች እጅ ወጣ። ኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። እኔ ከእስር ቤት ውጪ ሆኜ ያቃጠልኩትን ያህል ወረቀት፣ እሱ እስር ቤት ሆኖ አተረፈ። ይህን የምለው ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። መጽሐፍን የሚያድነው ደራሲና አሳታሚ ብቻ አለመሆኑን፣ አንባቢም እንደሚያድነው ወይም እንደሚያጠፋው ለመናገር ነው። የሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ደራሲውን መዝግቧል፤ ከእጅ ወደ እጅ ያሳለፉትን አንባቢዎች ግን እምብዛም አልመዘገበም።

መጠይቁ በደረሰኝ ሳምንት ዋሽንግተን ወደምትኖረው ጓደኛዬ ደወልኩ። ልጆቻችንን፣ ጉልበታችንን፣ የደም ግፊታችንን አውርተን ስንጨርስ ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። መሥመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ታዲያ መጨረሻውን መቼ አነበብሽው?»

«በሰማንያ ሦስት፣ ክረምት ላይ።»

«ከሰባት ዓመት በላይ ሳታውቂው ነው አዎ አዎ ስትይኝ የነበረው?» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ተቋረጠ። «ወንድሜ እስኪሞት ድረስ ይጠይቀኝ ነበር። ታክሲ ውስጥ ጠፋ እለዋለሁ። አንድ ሰው አግኝቶት አንብቦት ይሆናል እያለ ይጽናና ነበር።»

ምን እላለሁ? ይቅርታ አልኳት። ይቅር ብያለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። በማግስቱ ግን በስልክ ፎቶ ላከችልኝ። የመጀመሪያው ግማሽ እስካሁን እሷ ዘንድ አለ። ገጹ ቢጫ ሆኗል፤ ጠርዙ ላይ አሥራ አንድ ነጥቦች አሉ። የመጨረሻዋ የእኔ ናት። ከእኔ በኋላ ያለው ጠርዝ ባዶ ነው፤ ተራ ይጠብቁ የነበሩት ልጆች መጽሐፉን አላገኙትም።

አሁን ወደ ኮሚቴው ጥያቄ ልመለስ። የማነበው «ኦሮማይን» ነው፤ ለአራተኛ ጊዜ፣ ዘንድሮ ግን ቀስ ብዬ። ከዚህ ጋር አንድ ልመና አለኝ። በየቤታችሁ ሽፋኑ የተቀየረ፣ በእጅ የተገለበጠ፣ በታይፕ የተመታ፣ ለሁለት የተከፈለ መጽሐፍ ካለ አትጣሉት። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እዚያው ገነተ ልዑል ውስጥ ነው፤ ከብራና ጎን ለእንዲህ ያለው ወረቀትም ቦታ ይኖረዋል ብዬ አምናለሁ። ጓደኛዬ ለዘንድሮው ግንኙነታችን ስትመጣ ግማሿን ይዛ ትመጣለች፤ ወደ ተቋሙ አብረን ልንወስዳት ተስማምተናል።

የምታስተምሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ ደግሞ፣ ክፍል ስትገቡ ልጆቹን ምን እያነበቡ እንደሆነ ጠይቋቸው። የኛን ጊዜ ተማሪ ይህን ቢጠይቁት ግራ ቀኝ አይቶ ነበር የሚመልሰው። ዛሬ ሳይገላመጡ የሚመልሱ ከሆነ፣ እሱ ራሱ መመዝገብ ያለበት ታሪክ ነው።