ጂፎርስ ጂቲኤክስ 1060 እና ራዴዮን አርኤክስ 480

ጂፎርስ ጂቲኤክስ 1060 እና ራዴዮን አርኤክስ 480፣ ኤንቪዲያና ኤኤምዲ የተባሉት ሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ለመካከለኛ አቅም ገዢ ያቀረቧቸው የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርዶች ናቸው። በዋጋ፣ በዘመንና በታለመላቸው ግብር እንደ እነርሱ የተቀራረቡ ተፎካካሪዎች ብዙ ስለማይገኙ፣ የግራፊክስ ካርድ ኃይል በምን እንደሚመዘን ለመመርመር ለሚሻ ሰው ሁለቱን ማነጻጸር ከማናቸውም ሐተታ ይልቅ ያስተምራል።

አርኤክስ 480 ጁን 29 ቀን 2016 ለገበያ ሲወጣ፣ ባለ 4 ጊጋባይት ሜሞሪው 199 ዶላር፣ ባለ 8 ጊጋባይቱ 239 ዶላር ተተመነ። ጂቲኤክስ 1060 ሃያ ቀን ዘግይቶ ጁላይ 19 ቀን በ6 ጊጋባይት ሜሞሪና በ249 ዶላር መነሻ ዋጋ ተከተለ፤ ኤንቪዲያ በራሱ ስም ያዘጋጀው ዕትም ግን 299 ዶላር ይጠየቅበት ነበር።

ፖላሪስ 10 የተባለው የአርኤክስ 480 ቺፕ በግሎባል ፋውንድሪስ ፋብሪካ በ14 ናኖሜትር ስልት የተሠራ፣ በ232 ካሬ ሚሊሜትር ስፋት ላይ 5.7 ቢሊዮን ትራንዚስተሮችን የያዘ ሲሆን፣ እስከ 1,266 ሜጋኸርዝ የሚደርሱ 2,304 የስሌት ክፍሎች አሉት። በፈረንሳዊው ሊቅ በብሌዝ ፓስካል ስም ከተሰየመው ትውልድ የሆነው የጂቲኤክስ 1060 ቺፕ፣ ጂፒ106፣ በታይዋኑ ቲኤስኤምሲ በ16 ናኖሜትር ስልት ተሠርቶ በ200 ካሬ ሚሊሜትር ላይ 4.4 ቢሊዮን ትራንዚስተሮችን ብቻ ይይዛል፤ የስሌት ክፍሎቹም 1,280 ናቸው፤ ነገር ግን የቁጥሩን ማነስ እስከ 1,708 ሜጋኸርዝ በሚደርስ ፍጥነት ይክሳል። እያንዳንዱ የስሌት ክፍል በአንድ ምት ማባዛትንና መደመርን አጣምሮ ሁለት ስሌት ስለሚፈጽም፣ 1,280 በ2፣ ውጤቱም በ1.708 ቢሊዮን ምት ሲባዛ፣ ለጂቲኤክስ 1060 በሴኮንድ 4.4 ትሪሊዮን ያህል ስሌት ይገኛል፤ ለአርኤክስ 480 በዚሁ መንገድ 5.8 ትሪሊዮን ይሆናል። የሜሞሪ መስመራቸውም እንደዚሁ ይበላለጣል፤ የጂቲኤክስ 1060 መስመር 192 ቢት ሆኖ በሴኮንድ 192 ጊጋባይት ሲያመላልስ፣ የባለ 8 ጊጋባይቱ አርኤክስ 480 መስመር 256 ቢት ሆኖ 256 ጊጋባይት ያመላልሳል።

እንግዲህ በወረቀት ላይ ባለው አኃዝ ብቻ የሚፈርድ ሰው ለአርኤክስ 480 ሳያመነታ ዘውዱን ይጭንለት ነበር። ይሁን እንጂ ሁለቱ ካርዶች በወጡበት ወራት፣ ዳይሬክትኤክስ 11 በተባለው የግራፊክስ ሥርዓት በተሠሩት በአብዛኞቹ ጌሞች ሲፈተኑ ቀድሞ የተገኘው ጂቲኤክስ 1060 ነው። የዚህም ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። ድራይቨር የሚባለው ካርዱን የሚያዝዘው የኤንቪዲያ ሶፍትዌር ከጌሙ የሚመጡትን ትእዛዛት በበርካታ የፕሮሰሰር ኮሮች አከፋፍሎ ለቺፑ ያቀብላል፤ የኤኤምዲ ድራይቨር ግን በዳይሬክትኤክስ 11 ሸክሙን ባብዛኛው በአንድ ኮር ላይ ስለሚጥለው፣ ፕሮሰሰሩ ደካማ በሆነበት ኮምፒውተር ያ ሁሉ የስሌት ሠራዊት ትእዛዝ እየጠበቀ ሥራ ይፈታል። ከዚህም ሌላ የፓስካል ቺፖች ሥዕሉን በትንንሽ ክፍሎች ከፋፍለው እዚያው ቺፑ ውስጥ ስለሚያዘጋጁትና የቀለሙን መረጃ አጥብበው ስለሚያመላልሱት፣ ጠባቡ የሜሞሪ መስመር ከአኃዙ የሚበልጥ አገልግሎት ይሰጣቸዋል።

ነገሩን የለወጠው ዱም የተባለው ጌም ነው። በሜይ 2016 ሲወጣ ኦፕንጂኤል በተባለው ሥርዓት ብቻ ይሠራ የነበረው ይህ ጌም በጁላይ ወር ቫልካን የተባለውን አዲስ ሥርዓት ሲቀበል፣ የአርኤክስ 480 ባለቤት ከጌሙ ማስተካከያ ገጽ ኦፕንጂኤልን በቫልካን ተክቶ ጌሙን እንደገና ከማስነሣት በቀር ምንም ሳያደርግ፣ ያው ካርድ ከቀድሞው እጅግ የፈጠነ ሆኖ አገኘው፤ የጂቲኤክስ 1060 ባለቤት ግን ያተረፈው ጥቂት ነበር። ቫልካንና ዳይሬክትኤክስ 12 የድራይቨሩን ሥልጣን ቀንሰው ለጌም ሠሪው ስለሚያስረክቡና፣ የኤኤምዲ ቺፕም ሥዕሉን እየሣለ ጎን ለጎን ሌላ ስሌት እንዲያካሂድ መንገድ ስለሚከፍቱ፣ ተሠውሮ የቆየው ኃይል በዚያን ጊዜ ተገለጠ። ሲወለዱ የተሰጣቸውን አቅም ሶፍትዌሩ ዘግይቶ ከደረሰባቸው ካርዶች መካከል ከአርኤክስ 480 የበለጠ ማስረጃ የሚሆን ማግኘት ያስቸግራል።

በኤሌክትሪክ ፍጆታ ግን ክርክር የለም። ጂቲኤክስ 1060 በ120 ዋት፣ አርኤክስ 480 በ150 ዋት የተወሰኑ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ገና እንደ ወጣ ነውር ተገኘበት። ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርድ ማስገቢያ እንዲሰጥ የተፈቀደለት 75 ዋት ነው፤ ከዚህም ውስጥ በ12 ቮልት መስመር የሚያልፈው 5.5 አምፒር፣ ማለትም 66 ዋት ብቻ ነው። ኤኤምዲ ግን የቺፑን ኃይል ግማሹን ከዚሁ ማስገቢያ፣ ግማሹን ባለ ስድስት ፒን ከሆነው ገመድ እንዲስብ አድርጎ ስለ ሠራው፣ ካርዱ ሲጨነቅ በማስገቢያው በኩል የሚስበው ከወሰኑ አለፈ። መለኪያ መሣሪያ ይዘው የፈተሹ ሰዎች ይህን ገሃድ ሲያወጡት፣ ኩባንያው በጁላይ መጀመሪያ ጭነቱን ወደ ገመዱ የሚያዛውር ድራይቨር አወጣ። ጥፋቱ የንድፍ ቢሆንም በፍጥነት መታረሙ ሊመሰገን ይገባል።

ሌላው ሊነገር የሚገባው የስም ነገር ነው። ኤንቪዲያ በኦገስት 2016 ባለ 3 ጊጋባይት ጂቲኤክስ 1060 በ199 ዶላር ሲያወጣ፣ የጎደለው ሜሞሪው ብቻ አልነበረም፤ የስሌት ክፍሎቹም ወደ 1,152 ወርደው ነበር። ሁለት የተለያዩ ካርዶችን በአንድ ስም መሸጥ ገዢን ማሳሳት ነው፤ ይህን የሚያስተባብል ምክንያት አይታየኝም።

ከ2017 ጀምሮ ኢተሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱ ሰዎች አርኤክስ 480ንና በዚያው ዓመት በአፕሪል የተተካበትን አርኤክስ 580ን ስላግበሰበሱ፣ ጌም ተጫዋቹ በተተመነለት ዋጋ ሊያገኛቸው አልቻለም። ጂቲኤክስ 1060 በአንጻሩ ስቲም በሚባለው የጌም መደብር ወርኃዊ ቆጠራ ለበርካታ ዓመታት የአንደኝነቱን ስፍራ ይዞ ቆየ። በሞኒተር ረገድ የነበረው የኤኤምዲ ብልጫ፣ ማለትም ርካሽ በሆኑት የፍሪሲንክ ሞኒተሮች ላይ ሥዕሉን ሳይቆራረጥ ማሳየት፣ ኤንቪዲያም በጃንዋሪ 2019 ለእነዚሁ ሞኒተሮች በሩን ሲከፍት እኩል ሆነ።

ሁለቱም ካርዶች ዛሬ ከገበያ የወጡ ስለሆኑ የሚገኙት ያገለገሉት ብቻ ናቸው። አሮጌ ጌሞችን በደካማ ፓወር ሰፕላይና ፕሮሰሰር ለሚጫወት ሰው ባለ 6 ጊጋባይቱ ጂቲኤክስ 1060 ይሻለዋል፤ ጌሞቹ በቫልካን ወይም በዳይሬክትኤክስ 12 የተሠሩና ሰፊ ሜሞሪ የሚሹ ከሆነ ግን ባለ 8 ጊጋባይቱ አርኤክስ 480 ይበልጣል፤ ባለ 3 ጊጋባይቱን ጂቲኤክስ 1060 በማናቸውም ዋጋ ባይገዛ ይመረጣል።