ፔኒ ስቶክ ልትገዙ ነው? ከዋጋው በፊት የሼሩን ብዛት እዩ

አሜሪካ ውስጥ ከ5 ዶላር በታች የሚሸጡ የትናንሽ ኩባንያዎች አክሲዮኖች ፔኒ ስቶክ ይባላሉ። እዚያ ያሉ ብዙ ወጣቶች በስልካቸው ይገዟቸዋል። "በ100 ዶላር 10 ሺህ ሼር አገኘሁ" ማለት ደስ ይላል። እኛ ግን አንድ ጥያቄ አለን፦ ከስንት ሼር ውስጥ?

ኩባንያው 100 ሚሊዮን ሼር ቢኖረውና እናንተ 1 ሚሊዮን ብትይዙ ድርሻችሁ 1 በመቶ ነው። ገንዘብ ቸግሮት ሌላ 300 ሚሊዮን ቢያወጣ የያዛችሁት አይነካም፣ ድርሻችሁ ግን 0.25 በመቶ ይሆናል። ዳይሉሽን የሚባለው ይሄ ነው፤ እንግዳ ሲበዛ ወጡ ላይ ውሃ እንደመጨመር። በእኛ አገር ባንኮች ካፒታል ሲያሳድጉ ነባር ባለአክሲዮን ቅድሚያ ይሰጠዋል። አሜሪካ ግን የኩባንያው ደንብ ካልፈቀደ ይሄ መብት በአብዛኛው የለም።

ታዲያ አዲሱ ሼር ማን ጋ ይሄዳል? ብዙ ጊዜ አበዳሪዎች፣ አማካሪዎችና አመራሮች ጋ፣ ያውም በርካሽ። ወዲያው ገበያ ላይ እንዳይሸጥ ስለሚታገድ ሪስትሪክትድ ሼር ይባላል። ተቆጣጣሪው ኤስኢሲ ባወጣው ሩል 144 መሠረት፣ ሪፖርት የሚያቀርብ ኩባንያ ከሆነ 6 ወር፣ ካልሆነ 1 ዓመት መያዝ ግድ ነው። ጊዜው ሲያልቅ በ1 ሳንቲም ያገኘው ሰው በ3 ሳንቲም ሸጦ ያተርፋል፤ በ5 ሳንቲም የገዛችሁት እናንተ ናችሁ የምትከስሩት።

የሚብሰው ወደ ሼር የሚቀየር ብድር ነው። ዋጋው በወረደ ቁጥር አበዳሪው የሚያገኘው ሼር ይበዛል፤ ያንን ሲሸጠው ዋጋው እንደገና ይወርዳል። ደግሞም 6 ወሩ በአብዛኛው የሚቆጠረው ሼሩ ከተሰጠበት ሳይሆን ብድሩ ከተሰጠበት ቀን ነው!

ዋጋው ከ1 ዶላር በታች ሲቆይ ናስዳቅ ኩባንያውን ከገበያው ሊያስወጣው ስለሚችል፣ ሪቨርስ ስፕሊት ይመጣል፤ ብዙ ሼር ወደ አንድ ይጠቀለላል። የኤሌክትሪክ መኪናው ኩባንያ ሙለን በ2023 ብቻ ሦስቴ አድርጎታል፦ 25 ለ1፣ 9 ለ1፣ 100 ለ1። አባዙት፤ 22,500 ሼር የነበረው ሰው 1 ሼር ቀረው። መጠቅለሉ ብቻውን ድርሻ አይቀንስም፤ ግን ሼር የማውጣት ጣሪያው አብሮ ካልወረደ ለሌላ ዙር ሕትመት ሰፊ ቦታ ይከፍታል።

ይህን ሁሉ በነፃ ማየት ይቻላል። የኤስኢሲ ድረ ገጽ ኤድጋር ላይ ግቡና የኩባንያውን የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ ቴን ኪው የሚሉትን፣ ክፈቱ። የሼሩ ብዛት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል። የዛሬ ዓመቱንም ክፈቱና ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡ።