ለሂስፓኒክ ማኅበረሰቦች የሚሰጥ የሱስ ሕክምና፤ ከቋንቋ ትርጉም ባሻገር

በዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ2020 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት የሂስፓኒክ ወይም የላቲኖ ማኅበረሰብ አባላት ቁጥር 62 ነጥብ 1 ሚሊዮን የደረሰ ሲሆን፣ ይህም ከአገሪቱ ጠቅላላ ሕዝብ 18 ነጥብ 7 በመቶ ነው። የዚህ የኅብረተሰብ ክፍል አባላት ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ለመላቀቅ የሚረዳ ሕክምና የመጀመርም ሆነ የጀመሩትን የማጠናቀቅ ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ ያነሰ መሆኑን በተለያዩ ጊዜያት የወጡ ጥናቶች ያመለክታሉ። ለዚህም የጤና መድኅን አለመኖር፣ የቋንቋ ችግር፣ የቤተሰብን ስም አጎድፋለሁ የሚል ሐፍረትና የኢሚግሬሽን ሕግ ፍርሃት በምክንያትነት ይጠቀሳሉ።

ችግሩን ለማቃለል በሥራ ላይ የዋለው አሠራር "ባህልን ያገናዘበ ሕክምና" በመባል ይታወቃል። አሠራሩ ቅጾችን ወደ ስፓኒሽ ከመተርጎም ያለፈ ሲሆን፣ የታካሚውን የቤተሰብ አኗኗር፣ እምነት፣ የስደት ታሪክና የኑሮ ሁኔታ በሕክምናው ሂደት ውስጥ ማካተትን የሚጠይቅ ነው።

"ሂስፓኒክ" የሚለው መጠሪያ ራሱ በአብዛኛው የመንግሥት አሠራር የፈጠረው መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። የአገሪቱ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው ሕግ ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የዘር ሐረግ ስላላቸው ዜጎች መረጃ እንዲሰበሰብ የደነገገ ሲሆን፣ ጥያቄው ለመላው ነዋሪ የቀረበው በ1980 የሕዝብ ቆጠራ ነው። በዚህ አንድ መጠሪያ ሥር የሚገኙት ወገኖች ሁኔታ እጅግ የተለያየ ነው። የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜግነት ያላቸው በመሆኑ ከአገር የመባረር ሥጋት የለባቸውም። ከጓቲማላ ደጋማ አካባቢዎች ለሚመጡ የማም ቋንቋ ተናጋሪዎች ደግሞ ስፓኒሽ ራሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። በሄሮይን ሳቢያ በሚደርስ ሞት ለበርካታ ዓመታት በአገሪቱ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ስትጠቀስ በቆየችው በኒው ሜክሲኮ ግዛት በምትገኘው ሪዮ አሪባ አውራጃ ደግሞ የብዙዎቹ ነዋሪዎች ቅድመ አያቶች በሥፍራው የሰፈሩት ዩናይትድ ስቴትስ እንደ አገር ከመቆሟ በፊት ነው። እነዚህን ሁሉ "የስደተኛ ሕክምና" በሚል አንድ መርሐ ግብር ለማስተናገድ መሞከር ከጅምሩ ስህተት ይሆናል።

ማኅበረሰቡ ራሱ ካቋቋማቸው የሕክምና አገልግሎቶች መካከል ቀደምት ከሚባሉት አንዱ በኒው ዮርክ ከተማ ደቡብ ብሮንክስ የታየው ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1970 ያንግ ሎርድስ የተሰኘው የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች ድርጅት አባላት ከብላክ ፓንተርና ከሌሎች ቡድኖች ጋር በመሆን በሊንከን ሆስፒታል ውስጥ የሄሮይን ሱሰኞችን የሚረዳ ፕሮግራም ጀመሩ። ፕሮግራሙ ውሎ አድሮ አኩፓንክቸርን የተጠቀመ ሲሆን፣ ከሕክምናው ጎን ለጎን ስለ ድህነትና ስለ መኖሪያ ቤት ችግር ትምህርት ይሰጥ ነበር። ይኸው የፖለቲካ ይዘቱ ከባለሥልጣናት ጋር አጋጭቶት በ1978 ሠራተኞቹ በፖሊስ ኃይል እንዲወጡ ተደርጓል። በጆሮ ላይ የሚሰጠው የአኩፓንክቸር ዘዴ ግን ወደ ሌሎች ተቋማት ተስፋፍቷል።

በምርምር የተደገፈውና ዛሬም ድረስ ተጽዕኖው የጎላው ሥራ የተከናወነው በማያሚ ነው። ከ1959ኙ አብዮት በኋላ ኩባን ለቀው በከተማዋ የሰፈሩ ቤተሰቦች በ1970ዎቹ ዓመታት ልጆቻቸው በአደንዛዥ ዕፅ መጠመድ ጀምረውባቸው ነበር። በማያሚ ዩኒቨርሲቲ ሆሴ ሻፖችኒክና ባልደረቦቻቸው ጉዳዩን ሲመረምሩ የችግሩ አንድ ምንጭ በወላጅና በልጅ መካከል የተፈጠረው የፍጥነት ልዩነት ሆኖ አገኙት። ልጆች የአሜሪካን ቋንቋና አኗኗር በጥቂት ዓመታት ሲለምዱ ወላጆች እዚያው ይቀራሉ። ወላጅ ቁጥጥሩን ባጠበቀ መጠን ልጅ ይበልጥ ይርቃል። ስለሆነም ታዳጊውን ለብቻው ማከም በቂ እንደማይሆን ታምኖበት "አጭር ስልታዊ የቤተሰብ ሕክምና" የተሰኘው ዘዴ ተቀረጸ። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 16 በሚደርሱ ክፍለ ጊዜያት የሚጠናቀቅ ነው።

የማያሚው ቡድን ትኩረት የሰጠው ሌላው ጥያቄ ቤተሰቡን ወደ ሕክምና ማዕከሉ እንዴት ማምጣት ይቻላል የሚለው ነበር። በተለመደው አሠራር እናት ስልክ ትደውላለች፣ ቀጠሮ ይሰጣታል፤ በቀጠሮው ቀን አባትም ልጅም ሳይመጡ ይቀራሉ፤ መዝገቡም ይዘጋል። አዲሱ አሠራር ሕክምናው ከመጀመሪያው የስልክ ጥሪ እንዲጀምር አደረገ። አማካሪው በቤቱ ውስጥ ውሳኔ የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ መምጣቱን የሚቃወመውም ማን እንደሆነና ለምን እንደሚቃወም ይጠይቃል፤ አስፈላጊ ሲሆን ከአባትየው ጋር በቀጥታ ይነጋገራል ወይም ወደ ቤት ይሄዳል። በ1988 ይፋ በሆነውና 108 የሂስፓኒክ ቤተሰቦችን ባካተተው ጥናት በዚህ መንገድ ከተጠሩት ቤተሰቦች 93 በመቶ የሚሆኑት ሕክምና ሲጀምሩ፣ በተለመደው መንገድ ከተጠሩት ግን የጀመሩት 42 በመቶ ብቻ ነበሩ። እስከ መጨረሻው የዘለቁትም 77 በመቶና 25 በመቶ ሆነው ተመዝግበዋል። ሁለቱም ወገኖች ሂስፓኒክ በመሆናቸው ልዩነቱ "ባህላቸው ሕክምና አይወድም" በሚል ሊገለጽ የማይችል ሲሆን፣ ምክንያቱ የተቋሙ አቀባበል ነበር።

በዘርፉ የሥልጠና ጽሑፎች ለቤተሰብ የሚሰጥ ቅድሚያ "ፋሚሊስሞ"፣ አክብሮት "ሬስፔቶ"፣ በጊዜ ሂደት የሚገነባ መተማመን ደግሞ "ኮንፊያንሳ" በሚሉት የስፓኒሽ ቃላት ይጠቀሳሉ። ስፓኒሽ እንደ አማርኛ ሁሉ የአክብሮት አጠራር ያለው ቋንቋ ነው። አንድ ወጣት አማካሪ በዕድሜ የገፋን ታካሚ "አንተ" በሚለው "ቱ" ሳይሆን "እርስዎ" በሚለው "ኡስቴድ" መጥራት ይጠበቅበታል። ከቢሮክራሲያዊ ጥያቄዎች በፊት ስለ ቤተሰብና ስለ ትውልድ ቀዬ መጨዋወትም ጊዜ ማባከን ተደርጎ አይቆጠርም። ይሁን እንጂ እነዚህን ቃላት በቃል አጥንቶ ታካሚውን ሁሉ በእነሱ መለካት አደጋ አለው። ቤተሰብ ለአንዱ መጠጊያ ሲሆን ለሌላው የሱሱ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ በቤት ውስጥ ጥቃት የደረሰባትን ሴት ከመላው ቤተሰቧ ጋር በአንድ ክፍል ማስቀመጥ ባህልን ማክበር አይሆንም።

የሃይማኖት ጉዳይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። በሜክሲኮና በሜክሲኮ ተወላጆች ዘንድ አንድ ሰው ለጉዋዳሉፔ ድንግል ማርያም ለተወሰነ ጊዜ አልኮል ላይቀምስ ቃል የሚገባበት "ሁራሜንቶ" የተሰኘ ልማድ አለ። ከስለት ጋር የሚቀራረበውን ይህን ልማድ የሚያውቅ አማካሪ ቃሉ የጸናበትን ወቅት ለሕክምናው መግቢያ ሊጠቀምበት ይችላል። በሌላ በኩል ከሜክሲኮ ተነሥተው ወደ አሜሪካ ከተሞች የተስፋፉት "አኔክሶ" የሚባሉ መደበኛ ያልሆኑ ማገገሚያ ቤቶች ለድሃው ቅርብና ቋንቋውን የሚናገሩ ቢሆኑም፣ በአንዳንዶቹ ታካሚዎችን አስገድዶ ማቆየትና ማዋረድ እንዳለ ተዘግቧል። እንደ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ያሉ መድኃኒቶችን "ሱስን በሱስ መተካት" አድርጎ መመልከትም በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ ይታያል። መድኃኒቶቹ በኦፒዮይድ ሳቢያ የሚደርስን ሞት እንደሚቀንሱ በማስረጃ የተረጋገጠ በመሆኑ፣ ፌንታኒል በተስፋፋበት በዚህ ዘመን ለባህል ተብሎ መድኃኒትን ማስቀረት ሕይወትን ያስከፍላል። ለቤተሰቡ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት የአማካሪው ኃላፊነት ነው።

የቋንቋው ጉዳይ ብቻውን ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በ2009 የወጣና 405 ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን ያካተተ ጥናት ፍንጭ ይሰጣል። ተሳታፊዎቹ በሁለት የተለያዩ የምክር አገልግሎት ዓይነቶች ተመድበው ሁሉም በስፓኒሽ የተስተናገዱ ሲሆን፣ በሁለቱም ወገን የዕፅና የአልኮል አጠቃቀማቸው ቀንሷል። በዘዴዎቹ መካከል ጎላ ያለ ልዩነት የታየው በአልኮል ተጠቃሚዎች ላይ ብቻ ነበር። በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በ92 ሰዎች ላይ የተካሄደ ነው። ከመደበኛው ሕክምና በተጨማሪ ትምህርቱን በኮምፒዩተር በቴሌኖቬላ ድራማ መልክ የተከታተሉት ታካሚዎች መደበኛውን ብቻ ካገኙት የተሻለ ውጤት ማሳየታቸውን ገልጿል።

በሕግ ረገድ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፉ ተቋማት በብሔራዊ መነሻ ምክንያት አድልዎ እንዳይፈጽሙ ይከለክላል። በነሐሴ 2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን እንግሊዝኛ በሚገባ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎት እንዲመቻች ትዕዛዝ ሰጥተዋል፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ 14 ብሔራዊ መመዘኛዎች ወጥተው በ2013 ተሻሽለው 15 ሆነዋል። መመዘኛዎቹ ያልሠለጠኑ ሰዎችንና ሕፃናትን በአስተርጓሚነት መጠቀም እንዲቀር ያሳስባሉ። አባት ስለ መጠጡ የሚናገረውን የአሥር ዓመት ልጁ እንድትተረጉም ማድረግ ምን እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም። የ2000ው ትዕዛዝ በመጋቢት 2025 እንግሊዝኛን ኦፊሴላዊ ቋንቋ ባደረገው የፕሬዚዳንት ትራምፕ ትዕዛዝ ተሽሯል። ሆኖም አዲሱ ትዕዛዝ መሥሪያ ቤቶች በሌሎች ቋንቋዎች የሚሰጡትን አገልግሎት እንዲያቋርጡ አያስገድድም፤ የ1964ቱ ሕግም አልተሻረም። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ስፓኒሽንና አማርኛን ጨምሮ በተለያዩ ቋንቋዎች አገልግሎት እንዲሰጥ የሚያዝ ነው።

ለብዙ ስደተኞች ከቋንቋው ይልቅ የሚከብደው ሌላ ሕግ ነው። የአገሪቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የዕፅ ሱሰኝነትን ቪዛ ለመከልከልም ሆነ ከአገር ለማስወጣት ምክንያት ከሚሆኑት መካከል ዘርዝሮታል። ስለዚህም በቅጽ ላይ "ምን ያህል ጊዜ ትጠቀማለህ" የሚለው የተለመደ ጥያቄ ለስደተኛው የሕክምና ጥያቄ ብቻ አይደለም። በሌላ በኩል ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የነበረ የፌዴራል ሕግ የሱስ ሕክምና መዛግብት በሕግ ከተፈቀዱ ውስን ሁኔታዎች በስተቀር ያለ ታካሚው ፈቃድ ወይም ያለ ልዩ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ተላልፈው እንዳይሰጡ ይጠብቃል። ይህ ጥበቃ መኖሩን፣ ወሰኑም የት ድረስ እንደሆነ ታካሚው ቅጹን ከመሙላቱ በፊት በራሱ ቋንቋ ሊነገረው ይገባል።