ማሳደጊያ ወይስ የእናት ቤት? የእንጦጦ ልጆችና በውጭ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት

በ1990ዎቹ የእንጦጦን ዳገት የሚወጡና የሚወርዱት እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ብቻ አልነበሩም። ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘባቸው እናቶች ከየክፍለ ሀገሩ እየመጡ በእንጦጦ ማርያም ጠበል ዙሪያ ጎጆ ተከራይተው ይቀመጡ ነበር። ልጅ አዝለው የመጡም ነበሩ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ነው። ከዚያም በኋላ ግን ጠበልና መድኃኒት አብረው አይሄዱም ብለው መድኃኒቱን የተዉ ብዙ ነበሩ። በ1999 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ፣ ሁለቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ መሆናቸውን በመግለጽ በይፋ መከሩ።

ይህ ምክር የታማሚዎች ብቻ ሳይሆን የልጆችም ጉዳይ ነበር። እናት መድኃኒቷን ከወሰደች ትኖራለች፤ እናት ከኖረች ልጇ ወደ ማሳደጊያ አይሄድም። ከእንጦጦ ሥር ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ በተዘረጋችው የካም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል፣ ስለ ሕፃናት እርዳታ የሚነሳ ክርክር ሁሉ ከዚህ ቀላል እውነት ቢጀምር ጥሩ ነው።

የቀደመው ሰው ይህን ያውቅ ነበር። በኦሮሞ ዘንድ ጉዲፈቻ፣ በአማራው ዘንድ የጡት ልጅና የማር ልጅ የሚባሉት ልማዶች ልጁን ወደ ቤት ያስገቡት ነበር እንጂ ወደ ተቋም አልላኩትም። በጉዲፈቻ የገባ ልጅ እንደ ቤቱ ልጅ ይወርሳል፣ ይከበራል። ቤተ ክርስቲያንም በበኩሏ የቆሎ ተማሪውን ያሳደገችው በመንደሩ ቁራሽ ነው።

ይህን ሥርዓት የሰበረው ረሃብ ነው። በ1972 አበበች ጎበና ለግሸን ማርያም በዓል ወሎ ሄደው በረሃብ ወላጆቻቸውን ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ቤተሰብ ሲቃወማቸው ትዳራቸውንና ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ሄዱ። በሰኔ 2013 ሲያርፉ «አፍሪካዊቷ ማዘር ቴሬዛ» የሚል ስም ነበራቸው። በኋላ በ1977ቱ ረሃብ ማሳደጊያዎች በየቦታው ተከፈቱ። ኤች አይ ቪ ሲስፋፋ ደግሞ ቁጥራቸው ይበልጥ ጨመረ።

ችግሩ የመጣው ማሳደጊያው ከመጠለያነት አልፎ መሸጋገሪያ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ወደ 2,500 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በማደጎ ሄዱ። ከእነዚህ መካከል እናት ወይም አባት በሕይወት ያሏቸው ልጆች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ወላጆችም ልጃቸው ተምሮ የሚመለስ መስሏቸው ነው የፈረሙት። በዋሽንግተን ግዛት አንዲት ኢትዮጵያዊት ታዳጊ እ.ኤ.አ. በ2011 ሕይወቷ አልፎ አሳዳጊዎቿ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲፈረድባቸው የአገሩ ሰው ቁጣ ገነፈለ። በጥር 2010 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከለከለ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2001 የወጣው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያም ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎት ነበር።

በውጭ ያለው ቤተ ክርስቲያን በዚህ ሁሉ ውስጥ የት ነበር? በ1950ዎቹ በኒውዮርክ የተጀመረው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አገልግሎት በመጀመሪያ የተከተሉት በብዛት ጥቁር አሜሪካውያንና የካሪቢያን ሰዎች ነበሩ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ስደተኛው ሲበዛ አብያተ ክርስቲያናቱም በዙ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ግን በሦስት ተከፈሉ፦ በአገር ቤቱ ሲኖዶስ ሥር ያሉ፣ በስደተኛው ሲኖዶስ ሥር ያሉ፣ «ገለልተኛ» የተባሉ። መከፋፈሉ የአገልጋዮች ጠብ ብቻ አልነበረም። አንድ ደብር ለአገር ቤት ሕፃናት ገንዘብ ሲሰበስብ «በማን በኩል ይላክ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ጉባኤ የሚበትን ነበር። እርቁ የወረደው በሐምሌ 2010 ነው።

በአገር ቤት በኩል ደግሞ አዋጅ 621/2001 ነበር። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሕፃናት መብት ላይ መሥራት አይችልም ነበር። ማብላትና ማልበስ ይፈቀዳል፤ ልጁ ለምን ከእናቱ እንደተለየ መጠየቅ ግን አይፈቀድም። በአዋጅ 1113/2011 ይህ ገደብ ተነሳ።

ስለዚህ ሁለቱ ትልልቅ ሰበቦች አልፈዋል። የቀረው የልማድ ጉዳይ ነው። በበዓለ ንግሥ ቀን አዳራሽ ውስጥ ጃንጥላ በጨረታ ሲሸጥ፣ ስክሪን ላይ የሚታየው ብዙውን ጊዜ በአንድ ግቢ የተሰበሰቡ ልጆች ፎቶ ነው። ፎቶው ገንዘብ ያስገኛል። ባዶ አልጋ ግን ሰጪን ስለማይስብ፣ ግቢው ሁልጊዜ ልጅ እንዲኖረው ይገደዳል። በእናቷ ቤት ኪራይ የተከፈለላት፣ ደብተር የተገዛላት፣ ከየካ ጠባብ ጓሮ ወጥታ ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ ፎቶ ግን ለአዳራሽ አይመችም። ሥራው ግን ያ ነው።

መንገዱም አዲስ ነገር አይጠይቅም። የአጥቢያው ሰበካ ጉባኤና እድር የትኛዋ እናት ኪራይ እንዳቃታት፣ የትኛዋ አያት ሦስት የልጅ ልጅ እንደምታሳድግ ያውቃሉ። በውጭ ያለው ደብር በዓመት አንድ ጊዜ ትልቅ ገንዘብ ከሚልክ፣ በየወሩ ትንሽ ግን የማይቋረጥ ቢልክ ይሻላል። ወላጅ ላለው ልጅ መጀመሪያ የሚረዳው ወላጁ ይሁን፤ ከዚያ ዘመድ፣ ከዚያ ጎረቤት። ማሳደጊያ ማንም ለሌለው ልጅ ይቆይ። ሒሳቡ ደግሞ በሁለቱም ወገን በግልጽ ይነበብ፤ የልጆቹ ስምና ፊት ግን በማኅበራዊ ሚዲያ አይበተን።

«ሰው በሰው ላይ ይኖራል» እየተባለ ያደገ ትውልድ በባዕድ አገር ቤተ ክርስቲያን ሠርቷል፤ የሕንፃ ዕዳ የከፈለም አለ። ለእንጦጦ ሥር ልጆች የሚያወጣውም ገንዘብ ሌላ ሕንፃ መሆን የለበትም። የእናታቸው በር እንዳይዘጋ ይክፈል።