ሲምኻ ብላስ፦ ጠብታን ወደ መስኖ የለወጡት መሐንዲስ

በበጋ መስኖ ለሚያለማ አርሶ አደር ትልቁ ጥያቄ ውኃው ሰብሉን እስከ ምርት ያደርሰዋል ወይ የሚለው ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ወንዙ እየሳሳ ይሄዳል፤ የጉድጓዱ ውኃ ይወርዳል፤ የውኃ መሳቢያ ሞተሩም ነዳጅ ይፈልጋል። በቦይ ከሚለቀቀው ውኃ ከፊሉ የሰብሉ ሥር ሳይደርስ ይተንናል፣ ወደ ጥልቅ አፈር ይሰርጋል ወይም ከማሳው ወጥቶ ይፈስሳል። ይህን ብክነት ለመቀነስ በዓለም ዙሪያ ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ ጠብታ መስኖ ነው። ዘዴውን ለማሳ በሚመች መልኩ ቀርጸው ወደ ፋብሪካ ምርት ካሸጋገሩት ሰዎች ግንባር ቀደሙ መሐንዲስ ሲምኻ ብላስ ናቸው።

ብላስ እ.ኤ.አ. በ1897 በፖላንድ ዋርሶ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። በምሕንድስና ሙያ ከሠለጠኑ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ በብሪታኒያ አስተዳደር ሥር ወደነበረችው ፍልስጤም አቅንተው የውኃ ሥራዎችን መንደፍ ጀመሩ።

የጠብታ መስኖ ሐሳብ የተጸነሰው በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ነው። በአንድ አጥር ዳር ከበቀሉት ዛፎች መካከል አንዱ ውኃ ሳይጠጣ ከሌሎቹ በእጅጉ ገዝፎ እንደሚታይ አንድ አርሶ አደር ጠቆሟቸው። ብላስ መሬቱን ሲያስቆፍሩ በአቅራቢያው የሚያልፍ የውኃ ቱቦ መጋጠሚያው ላይ በጥቂቱ እንደሚያንጠባጥብ ደረሱበት። ከላይ የሚታየው እርጥበት ትንሽ ነበር፤ ከአፈሩ ሥር ግን እርጥበቱ እንደ ሽንኩርት ራስ ሰፍቶ የዛፉን ሥር ይመግብ ነበር። መሐንዲሱ የተረዱት ነገር ቀላል ይመስላል፦ ውኃ የሚያስፈልገው ሥሩ እንጂ ማሳው በሙሉ አይደለም።

ሐሳቡ ግን ወደ ሥራ ለመግባት ሠላሳ ዓመታት ያህል ፈጅቷል። በዚያን ጊዜ የነበሩት የብረት ቱቦዎች ውድና ለዚህ ሥራ የማይመቹ ነበሩ። ብላስም በሌሎች ታላላቅ ሥራዎች ተጠምደው ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1937 ከተመሠረተው የመኮሮት የውኃ ኩባንያ መሥራቾች አንዱ ሲሆኑ፣ በ1940ዎቹ ወደ ኔጌቭ በረሃ የሚዘልቀውን የውኃ መስመር አቅደዋል። ለዚህ መስመር የዋሉት ቱቦዎች ለንደን በጦርነቱ በቦምብ በተደበደበችበት ወቅት ለእሳት ማጥፊያ ያገለገሉና ከጦርነቱ በኋላ ትርፍ የሆኑ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1952 የእስራኤል የውኃ ዕቅድ ድርጅት የሆነውን ታሃልን መምራት ቢጀምሩም፣ የአገሪቱን ዋና የውኃ መስመር ግንባታ ማን ያከናውን በሚለው ላይ በተነሳ አለመግባባት በ1956 ኃላፊነታቸውን ለቀቁ።

ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡት መሐንዲስ ከመንግሥት ሥራ መውጣታቸው ወደ ቀድሞው ሐሳባቸው መለሳቸው። በዚያ ወቅት ርካሽና እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ፕላስቲክ በገበያ ላይ ውሏል። ከልጃቸው ጋር ሆነውም ሙከራ ጀመሩ። ዋናው ችግር የቀዳዳው ነገር ነበር። ውኃው በጠብታ እንዲወርድ ቀዳዳው እጅግ ከጠበበ በአሸዋና በደለል ይደፈናል፤ ከሰፋ ደግሞ ውኃው ይፈስሳል። ብላስ መፍትሔውን ያገኙት ውኃው በረጅምና ጠምዛዛ መንገድ እንዲያልፍ በማድረግ ነው። ውኃው በመንገዱ ግድግዳ እየተፋተገ ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ መተላለፊያው ብዙ ሳይጠብ ጠብታው በዝግታ ይወርዳል።

ብዙ ባለሙያዎች በሐሳቡ አላመኑም ነበር። በመጨረሻ አጋር የሆኗቸው በኔጌቭ በረሃ ዳር የሚገኘው የሃጸሪም የጋራ እርሻ መንደር አባላት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 በተደረገው ስምምነት ኔታፊም የተሰኘው ኩባንያ ተመሠረተ፤ በተከታዩ ዓመትም ማምረት ጀመረ። ኩባንያው ከጊዜ በኋላ በዓለም ላይ ከሚገኙ ትልልቅ የጠብታ መስኖ አምራቾች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ብላስ የሕይወት ታሪካቸውን እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ያሳተሙ ሲሆን፣ በ1982 ሕይወታቸው አልፏል።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ለመስኖ ዕቅድ በሚጠቀምበት ግምት መሠረት፣ በማሳ ላይ ከሚለቀቀው ውኃ ሰብሉ የሚጠቀመው በቦይ መስኖ 60 በመቶ፣ በጠብታ መስኖ ደግሞ 90 በመቶ ያህሉን ነው። በኢትዮጵያ በባቱ አካባቢ የሚገኙ የአበባ እርሻዎች በዚህ ዘዴ ይሠራሉ። አነስተኛ የጓሮ ማሳ ያለው አርሶ አደርም አንድ ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቆጥ ላይ በርሜል አስቀምጦ፣ ያለ ሞተር በውኃው ክብደት ብቻ ሊጠቀምበት ይችላል።

ዘዴው የሚስማማው በመስመር ለሚተከሉ እንደ ቲማቲም፣ ቃሪያና ጎመን ላሉ አትክልቶችና ለፍራፍሬ ነው፤ በብተና ለሚዘራ ጤፍ አይመችም። ውኃው ወደ ቱቦው ከመግባቱ በፊት መጣራት አለበት፤ ማጣሪያው በየጊዜው ካልታጠበ ማንጠብጠቢያዎቹ ይደፈናሉ። የቱቦዎቹን ጫፍ አልፎ አልፎ ከፍቶ ደለሉን ማስወጣትም ያስፈልጋል። ስለዚህ ዕቃውን ከመግዛት በፊት ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያና መለዋወጫው በአቅራቢያ መኖሩን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ሌላም መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ጠብታ መስኖ ውኃ ይቆጥባል እንጂ ውኃ አይፈጥርም። የላይኛው ተፋሰስ ተጠቃሚ ባተረፈው ውኃ ተጨማሪ ማሳ ካለማበት፣ በታችኛው ተፋሰስ ላለው አርሶ አደር የሚደርሰው ውኃ አይጨምርም፤ እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። ቁጠባው ለሁሉም እንዲተርፍ በአንድ ወንዝ የሚጠቀሙ አርሶ አደሮች በውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራቸው አማካኝነት ድርሻቸውን ተስማምተው መወሰን ይኖርባቸዋል።