የቤት ገንዘብና የማኅበር ገንዘብ፦ ከነጋድራስ ገብረ ሕይወት የተማርነው

እኛ የማኅበሩ አባላት ለጊደር መጋላ ሱቆቻችን ዕቃ ለማምጣት ወደ ድሬዳዋ እንወርዳለን። ከመቶ ዓመት በፊት የዚያች ከተማ ነጋድራስ፣ ማለት የንግድና የጉምሩክ ሹም፣ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እንደነበሩ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ሞቱ። ምጽዋ አካባቢ በስዊድን ሚሲዮን ከተማሩ በኋላ ገና በልጅነታቸው በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻግረው በጀርመን አገር ሕክምና አጠኑ። ተመልሰውም በዐጤ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሠሩ፤ በመጨረሻም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። በ1911 ዓ.ም. ሲያርፉ 33 ዓመት አልሞላቸውም።

በ1904 ዓ.ም. አስመራ ላይ የታተመው «ዐጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው ጽሑፋቸው የሥርዓት ለውጥን የሚጠይቅ ነው። የንጉሡ የግል ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ ይለይ፣ ግብሩ ተወስኖ በገንዘብ ይከፈል፣ የሃይማኖት ነፃነት ይኑር ይላል። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ደግሞ የሀብት ምንጩ ሥራ መሆኑን ያስረዳል። ዕውቀት ያነሰው ሕዝብ ጥሬ ዕቃ ሽጦ የተሠራ ዕቃ ሲገዛ ብዙ ድካሙን በጥቂቱ እንደሚለውጥም ያሳያል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ የሲራራ ንግዷ የተወሰደባት ሐረር ይህን ነገር በደንብ ታውቀዋለች።

እኛን ይበልጥ የነካን ግን የገንዘቡ መለየት ነው። ከዓመታት በፊት ለአንዲት አባላችን የለቅሶ ወጪ ከቁጠባው ሣጥን ብር አነሣን፤ ሐዘን ነውና ማንም አልጻፈውም። ብሩ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል። ነገር ግን መቼና በማን እጅ እንደተመለሰ የሚያሳይ ወረቀት ስላልነበረ ጥርጣሬ ገባ፤ አንዲት እህታችንም ተቀይማ ወጣች። ያጠፋነው እኛ ሒሳብ ያዦቹ ነን።

ዛሬ ሣጥኑ በሁለት ሴቶች እጅ ያለ ሁለት ቁልፍ አለው። የለቅሶው መዋጮ ለብቻው መዝገብ አለው። 10 ብር እንኳ ያለ ደረሰኝ አይወጣም፤ በየወሩም ሒሳቡ በአባላት ፊት ይነበባል። የሚረዱን ወገኖችም መጥተው ማየት ይችላሉ።

ነጋድራስ ለአገር የጻፉት ለሣጥናችንም ሠርቷል። የወጣችው እህታችን ቁጠባዋ እስከ ሳንቲሙ ተጽፎ ይጠብቃታል፤ እሷንም እንጠብቃታለን።