የደብረ ብርሃን ንቦች

ጎንደር ደርሶ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያየ ሰው የንቦቹን ታሪክ ሳይሰማ አይመለስም። በጥር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ደንቢያ፣ ሳር ውኃ ላይ በደርቡሾች ድል ሆኑ። የሐምዳን አቡ አንጃ ጦር ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ዘረፈ፣ አቃጠለ። ታላቁ ኢያሱ ያሠሩት ደብረ ብርሃን ግን ተረፈ። እንዴት ቢሉ፣ ከቅጥሩ የንብ መንጋ ወጥቶ ወራሪውን አባረረው ይላሉ ጎንደሬዎች።

እኔ ታሪኩን አልነካም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በተቃጠሉት ደብሮች የነበሩት ካህናትስ አልጸለዩም ኖሯል? ጉልበታቸው እየተብረከረከ፣ ጦርና ጋሻ ሳይኖራቸው፣ ጸልየዋል እንጂ! ንብ አልመጣላቸውም። ታዲያ ተአምሩን ስንተርክ እነሱን ለምን እንዘላቸዋለን? ጎንደር እኮ ከዚያ ቀደም በ1859 ዓ.ም. በአፄ ቴዎድሮስም ተዘርፋ ተቃጥላለች። (ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።) በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ደግሞ እኚያ ጸሎተኛ ንጉሠ ነገሥት፣ አፄ ዮሐንስ፣ መተማ ላይ ቆስለው ሞቱ።

እምነት ውጤቱ ታይቶ የሚመዘን ከሆነ እነዚህ ሁሉ ከሰሩ ማለት ነው። እኔ እንደዚያ አላምንም። ከተቃጠሉት ደብሮች በኋላ ዳግም ተሠርተው ዛሬም የሚቀደስባቸው አሉ፤ ድንጋዩን የተሸከሙት ደግሞ ቃጠሎውን ያዩ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው።